በአንድ የህንድ ፊልም ዘፈን ውስጥ ስንት አገር አለ? በጆሮ የመለየት ዘዴ

በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር። አዳማን ያኔ ሁላችንም ናዝሬት ነበር የምንላት። ፍራንኮ አካባቢ ካሴት የምቀዳበት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። አንድ ማታ አንድ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ገቡ። መኪናቸውን አቁመው ለአዳር የወረዱ ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ አንዲት ህንድኛ ቅዳልኝ» አሉኝ።

«የቷን ጋሼ?»

ስሟን አያውቁም። ግጥሟንም አያውቁም። «እሺ፣ ዜማዋን እስቲ ያንጎራጉሯት» አልኳቸው። ዜማዋንም አልያዙ። ከንፈራቸውን ሰብሰብ አድርገው «ሁፍ… ሁፍ… ሁፍ» ይሉ ጀመር። «ይቺ ናት» አሉ። በቃ። ከአንድ ሙሉ ዘፈን አእምሯቸው ውስጥ የቀረችው ያቺ ትንፋሽ ነበረች።

ያን ማታ አላገኘሁላቸውም። ኋላ ግን ተገኘች፤ እመለስባታለሁ።

ካሴት ቀዳሁ፣ ከዚያ ሲዲ፣ ከዚያ ፍላሽና ሚሞሪ ጫንኩ። ይሄ ሁሉ ዓመት ህንድኛ የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ ቋንቋውን እሱም አይችልም፣ እኔም አልችልም። ስለዚህ ከግጥሙ ውጪ ያለውን መስማት ግድ ሆነብኝ። ምቱን፣ ቤዙን፣ በመሃል የሚገባውን መሣሪያ። እንዲህ ስሰማ ነው አንድ ነገር የገባኝ። በህንድ ፊልም ዘፈን ውስጥ ድምፁ አብዛኛውን ጊዜ አገሩ ነው ያለው። የሚጓዘው ከድምፁ ስር ያለው ነው። ኒው ዮርክ ይደርሳል፣ ቪየና ይደርሳል፣ ኩባ ደርሶ ይመለሳል። ዘፋኟ ግን ከቤቷ አልወጣችም።

ይህንን ለእህቴ ልጅ እያስተማርኳት ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ኪቦርድ ጀምራለች። ለእሷ ያሳየኋትን ነው እዚህ የምጽፈው። ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ኢርፎን

በስልክ ስፒከር አትስሙ። ቤዙን ይበላዋል። በባጃጅ ውስጥም አትስሙ፤ እሱ ደግሞ ቤዝ ብቻ ነው። (ባጃጆቹ ራሳቸው የህንድ ናቸው፤ አዳማ ላይ ህንድኛ ከፍቶ የሚነዳ ባጃጅ ስሳፈር ደስ ይለኛል፤ መኪናውና ዘፈኑ አገር ለአገር ተገናኙ እላለሁ።) ርካሽም ቢሆን ኢርፎን ይሻላል።

አንዱን ዘፈን ሦስት ጊዜ ስሙት። በመጀመሪያው ዝም ብላችሁ ተደሰቱ። አብራችሁ አንጎራጉሩ፤ ካላንጎራጎራችሁ ድምፁ ጆሯችሁን አይለቅም። በሁለተኛው ጠረጴዛ እየመታችሁ ምቱን ብቻ ተከተሉ። በሦስተኛው ዘፋኙ ዝም ሲል ብቻ ስሙ። ሦስተኛው ነው ዋናው።

ዘፋኙ ዝም ሲል

የህንድ ፊልም ዘፈን አሠራሩ ቀላል ነው። ሙክዳ የሚሉት አለ፤ የእኛ አዝማች በሉት። አንታራ የሚሉት አለ፤ እሱ ቀሪው ስንኝ ነው። በሁለቱ መሃል መሸጋገሪያ ሙዚቃ ይገባል። ዓለም የሚገባው በዚህች በር ነው። አዝማቹ በጥንቱ የህንድ ቅኝት ሄዶ ሄዶ፣ መሸጋገሪያው ላይ ትራምፔት ብቅ ይላል። አኮርዲዮን ይከተላል። ደግሞ ዘፋኟ ስትመለስ ሁሉም ወደ ቦታው ይገባል።

ለምን እዚያ ላይ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ታሪኩን እወደዋለሁ።

የህንድ ሙዚቀኛ ሙያውን የሚወርሰው ከመምህሩ አፍ በጆሮ ነው። ፊልም ድምፅ ሲያወጣ ግን (የመጀመሪያው ባለ ድምፅ ፊልም አላም አራ በ1931 ወጣ፤ ሰባት ዘፈን ነበረበት) ቀስ በቀስ ትልቅ ኦርኬስትራ አስፈለገ። ብዙ ቫዮሊን በአንድ ጊዜ አንድ ነገር እንዲጫወት ኖታ ማንበብ የሚችል ሰው ያስፈልጋል። እነዚህ ሰዎች ከጎዋ መጡ። ጎዋ ከ1510 እስከ 1961 በፖርቹጋል እጅ ነበረች። በየደብሩ ትምህርት ቤት ልጆች ኖታና ቫዮሊን ይማሩ ነበር። አድገው ወደ ቦምቤይ፣ ወደ ዛሬዋ ሙምባይ፣ ሲሄዱ ማታ ማታ ሆቴል ውስጥ ጃዝ ይጫወታሉ፤ ቀን ቀን ፊልም ስቱዲዮ ይገባሉ። ዜማ ደራሲው ዜማውን አንጎራጉሮ ይሰጣቸዋል። እነሱ ያቀናብሩታል። መሸጋገሪያው ላይ ማታ ሆቴል የተጫወቱት ነገር ብቅ ቢል ምን ይገርማል?

የብዙዎቹ ስም ፊልሙ ላይ አልተጻፈም። ይሄ ያሳዝነኛል። አንዱ ግን ባልታሰበ መንገድ ታወቀ። አንቶኒ ጎንሳልቬስ የተባለ የጎዋ ቫዮሊን መምህርና አቀናባሪ ነበር። ተማሪው ፒያሬላል ካደገ በኋላ ከላክሽሚካንት ጋር ሆኖ በ1977 አማር አክባር አንቶኒ ለተባለው ፊልም ሙዚቃ ሠራ። አሚታብ ባችቻን በሚጫወተው ዘፈን ውስጥ «ስሜ አንቶኒ ጎንሳልቬስ ነው» የሚለው የመምህሩን ስም ነው። ያንን ዘፈን ስንት ጊዜ እንደቀዳሁት አልቆጥረውም፤ ስሙ የእውነተኛ ሰው ስም መሆኑን ያወቅኩት ግን ብዙ ቆይቼ ነው።

እኛም ዘንድ ተመሳሳይ ነገር አለ። በ1924 አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከኢየሩሳሌም መጥተው አዲስ አበባ ውስጥ የነሐስ ባንድ ሆኑ፤ አርባ ልጆች ይባላሉ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ለእህቴ ልጅ ስለ ጎዋ ስነግራት «ልክ እንደ አርባ ልጆች ነዋ አጎቴ» አለችኝ። ልክ ነች።

ምቱን በእጅ መቁጠር

አሁን ወደ ሁለተኛው ማዳመጥ እንሂድ። እጃችሁ ከጆሯችሁ የበለጠ ያውቃል።

እስከ አራት ቁጠሩ። ሁለትና አራት ላይ ማጨብጨብ ካማራችሁ ወደ ሮክ ኤንድ ሮል ቤት እየገባችሁ ነው። ለዚህ የምሰጣት ዘፈን ኢና ሚና ዲካ ናት፤ አሻ ከተባለው የ1957 ፊልም። ዜማው የሲ. ራምቻንድራ ነው፤ ኪሾር ኩማር ይዘፍነዋል። ግጥሙ ራሱ ትርጉም የለውም፤ የልጆች ቆጠራ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ሂንዲ አለመቻላችሁ እዚህ አይጎዳችሁም።

አራቱም ቁጥር ላይ ትልቁ ከበሮ እኩል ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም ካለ ዲስኮ ነው። ለዚህ ከ1982ቱ ዲስኮ ዳንሰር ሌላ አትፈልጉ። ሙዚቃው የባፒ ላሂሪ፣ ጨፋሪው ሚቱን ቻክራቦርቲ። ፊልሙ በሶቭየት ኅብረት ሳይቀር ሕዝብ አጥለቅልቆታል። እኔም ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብበን ያየነው ጊዜ ትዝ ይለኛል። ሚቱን ሲነሳ ሙሉ ቤቱ ይነሳ ነበር።

ሦስተኛው ምት ለእኛ የቀረበ ነው። ስድስት ፈጣን ቁጥር፣ ሁለት ከባድ እግር። አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አራት-አምስት-ስድስት። አንድና አራት ላይ ትረግጣላችሁ። ናቱ ናቱ በዚህ ምት ነው የተሠራው። አርአርአር ከተባለው የ2022 የቴሉጉ ፊልም ነው፤ ዜማው የኤም. ኤም. ኪራቫኒ። በ2023 በምርጥ ዘፈን ኦስካር አግኝቷል። ሁለቱ ጨፋሪዎች የሚፈነጩበት ግቢ ደግሞ ህንድ አይደለም፤ ዩክሬን ነው፤ ኪየቭ ያለው ማሪንስኪ ቤተ መንግሥት።

የእህቴ ልጅ ይሄን ዘፈን ስትሰማ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገችና ቆመች። «ችክችካ ነው እኮ!» አለች። ችክችካ አይደለም፤ በደቡብ ህንድ የአንድራ ገጠር ጭፈራ ነው። ግን ስድስቱ ቁጥር አንድ ነው። የሠርግ ዘፈን ላይ እስክስታ የሚመታ እግር ናቱ ናቱ ላይ አይደናቀፍም። ሞክሩት። ችክችካ እያጨበጨባችሁ ዘፈኑን ክፈቱ፤ ፍጥነቱን ብቻ አስተካክሉ፤ ይገጥማል።

ታሪኩ ምን ይፈልጋል?

ቅልቅሉ ዝም ብሎ አይመጣም። ፊልም ነውና ታሪኩ ይጠራዋል። ስለዚህ «ይሄ ጊታር ለምን መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ዱም ማሮ ዱምን ውሰዱ። የ1971 ዘፈን ነው፤ የአር. ዲ. ቡርማን ዜማ፣ አሻ ቦስሌ ዘፋኝ። ፊልሙ ካትማንዱ ስለተጠራቀሙ ሂፒዎች ነው። ጊታሩ የሂፒዎቹ ነው። ወይም ላጋን፣ 2001፣ ኤ. አር. ራህማን። ኦ ሬ ቾሪ የሚለው ዘፈን ላይ የመንደሩ ወንድና ሴት በሂንዲ በገጠር ለዛ ይቀባበላሉ። እንግሊዛዊቷ ስትገባ በእንግሊዝኛ ትዘፍናለች፤ ሙዚቃውም ወደ ፈረንጅ ኦርኬስትራ ይዞራል። ሦስት ሰዎች፣ አንድ ዘፈን። ማን ማንን እንደሚወድ፣ ማን ከማን እንደራቀ ቋንቋውን ሳትችሉ ከሙዚቃው ትረዱታላችሁ። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ጥሩ ማስተማሪያ የለም።

ድምፁ

ድምፁ አገሩ ነው ያለው ብያለሁ። እንዴት ይታወቃል? ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ሲሄድ አይዘልም፤ ይንሸራተታል፤ በመሃል ይርገበገባል። ቅላጼ የምንለው ነው። ማሲንቆ የሚያደርገውን ኪቦርድ አያደርገውም አይደል? እዚያም እንዲሁ ነው። ሃርሞኒየም ከአውሮፓ የመጣ መሣሪያ ነው፤ ህንዶች የራሳቸው አድርገውታል። ግን ቁልፉ ቋሚ ነውና መንሸራተት አይችልም። በዚህ ምክንያት የህንድ መንግሥት ሬዲዮ ከ1940 እስከ 1971 ሃርሞኒየም ከልክሎ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት!

ሬዲዮው የፊልም ዘፈንንም አልማረም። በ1952 ሚኒስትሩ ቢ. ቪ. ኬስካር የፊልም ዘፈን ከአየር እንዲወርድ አደረጉ፤ የፈረንጅ ነገር በዝቶበታል ተብሎ። ሕዝቡ ምን አደረገ? የሬዲዮውን መርፌ ወደ ሬዲዮ ሲሎን፣ ወደ ዛሬዋ ስሪ ላንካ አዞረ። የፊልም ዘፈን እዚያ ይሰማ ነበር። በ1957 የህንድ ሬዲዮ ራሱ ቪቪድ ባራቲ የሚባል የመዝናኛ ጣቢያ ከፈተ። ትልልቅ ሰዎች «ዘፈን ድሮ ቀረ» ሲሉኝ ይሄን አስታውሳለሁ። ዛሬ የድሮ ወርቅ የሚባለው ዘፈን ያኔ የተከለከለው ነው።

ድምፁም አልፎ አልፎ ይሰደዳል። ኪሾር ኩማር በ1971 አንዳዝ ፊልም ላይ ዚንዳጊ ኤክ ሳፋር ሲል ድምፁን ከጉሮሮ ወደ አናት እየሰበረ «ዮድል» ያደርጋል፤ የስዊስ ተራራ እረኞችና የአሜሪካ ካውቦዮች ጥሪ ነው። ይህቺን ስሟት፤ ድምፅ ሲሰደድ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ።

መቅዳትና ማዋሃድ

ሁሉም ቅልቅል ጥሩ አይደለም። የሰው ዜማ ሙሉ በሙሉ ወስዶ የሂንዲ ግጥም የለጠፈ ብዙ ዘፈን አለ። ልዩነቱን በጆሮ ለመማር አንድ ልምምድ አለኝ።

የሞዛርትን 40ኛ ሲምፎኒ የመጀመሪያ ግማሽ ደቂቃ ስሙ። ሞዛርት በ1788 የጻፈው ነው። ወዲያው ቻያ ከተባለው የ1961 ፊልም ሳሊል ቾውዱሪ የሠራውን ኢትና ና ሙጅሴ ክፈቱ፤ ታላት ማህሙድና ላታ ማንጌሽካር ይዘፍኑታል። የመጀመሪያው መስመር ሞዛርት ነው። አይደበቅም፤ ማንም ይሰማዋል። አሁን ጣታችሁን አንሱና ሞዛርት ያበቃበት ቦታ ላይ አውርዱ። የእህቴ ልጅ ጣት ከእኔ ጣት በሦስት ሰከንድ ዘግይቶ ወረደ። ተከራከርን። ደገምነው። አሁንም አልተስማማንም። መስፊያው ካልታየ በእኔ መለኪያ ተዋህዷል ማለት ነው።

ራህማን ጋ ስትደርሱ መስፊያ ፍለጋው ይከብዳል። የመጀመሪያ ፊልሙ ሮጃ በ1992 ወጣ። በ2009 ስላምዶግ ሚሊየነር ሁለት ኦስካር አስገኝቶለታል። እኔ ግን ቻይያ ቻይያ የምትለውን ዘፈን ነው የማስቀድመው፤ ዲል ሴ ከተባለው ፊልም፣ 1998። ሻህ ሩክ ካን ባቡር ጣሪያ ላይ የሚጨፍርባት። መነሻዋ የፑንጃቡ ሱፊ ባለቅኔ የቡሌ ሻህ ግጥም ነው፤ ጉልዛር እንደገና ጽፎታል። ቤዙን ከስር፣ የሱፊውን ጥሪ ከላይ ስሙ። ጥሪው ስለ ፈጣሪ ፍቅር ነው፣ ቤዙ የጭፈራ ቤት ነው፤ ሁለቱም አልተጎዱም።

ጠርሙሱ

የሹፌሩ ነገር አሁን ደረሰ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሌላ ደንበኛ ሾሌ የሚባለውን ፊልም ዘፈኖች እየቀዳሁ ሳለ፣ መህቡባ መህቡባ ስትጀምር ያቺ «ሁፍ… ሁፍ» መጣች። ካሴቱን አቆምኩ። መለስኩት። እሷው ናት! ሹፌሩ ከጅቡቲ ሲመለሱ ከፈትኩላቸውና ምንም ሳይናገሩ ክንዴን ያዙኝ።

ያ ድምፅ ጠርሙስ ነው። አር. ዲ. ቡርማን ለ1975ቱ ሾሌ ይህንን ዘፈን ሲሠራ ሙዚቀኞቹ በከፊል የተሞላ የቢራ ጠርሙስ አፍ ላይ እንዲነፉ አደረገ። ዘፋኙም እሱ ራሱ ነው። ከዚያ በፊት በ1973 ቹራ ሊያ ሄይ በሚለው ዘፈኑ መግቢያ ላይ ብርጭቆ ሲመታ ይሰማል። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው። የዓለም ሙዚቃ መሣሪያ ከሌላችሁ ኩሽና ግቡ።

ገባን። አምስት የለስላሳ ጠርሙስ፣ አንድ ጆግ ውሃ፣ ስልክ ላይ የተጫነ ኪቦርድ። ጠርሙሱን ስትነፉት የሚጮኸው ውስጡ ያለው አየር ነው። ውሃ ሲጨመር አየሩ ያጥራል፣ ድምፁ ይቀጥናል። በማንኪያ ስትመቱት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚንቀጠቀጠው መስታወቱ ስለሆነ ውሃ ሲጨመር ድምፁ ይወፍራል። ስለዚህ መጀመሪያ ወስኑ፤ ልትነፉ ነው ወይስ ልትመቱ?

እኛ ነፋን። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ አድርገን ቃኘናቸው። ይሄ ሜጀር ትዝታ ነው። ህንዶችም ይሄንኑ አምስት ኖታ ይዘው ቡፓሊ የሚባል ራጋ፣ የእነሱ ቅኝት ማለት ነው፣ አላቸው። የደቡብ ህንዶቹ ሞሃናም ይሉታል። ላታ ማንጌሽካር በ1961 የዘፈነችውን ጆቲ ካላሽ ስሙት። ኖታዎቹ የእኛ ናቸው፤ አካሄዱ፣ የት እንደሚያርፍና የት እንደሚንሸራተት ግን የእነሱ ነው። ሁለት ሰው በአንድ ፊደል ሁለት ቋንቋ እንደሚጽፈው ማለት ነው።

የእህቴ ልጅ መጀመሪያ የሠራችው ቅንብር አልሆነም። ጠርሙስ፣ የዲስኮ ከበሮ፣ የክራር ድምፅ፣ በዚያ ላይ ትራምፔት፤ ሁሉንም ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምራ ለቀቀችው። ሁሉም ያወራል፣ ሰሚ የለም። «አንዱን ነገር ቤት አስቀምጪው፣ እሱ አይነካ» አልኳት። ትዝታውን አስቀመጠች፤ በድምፅዋ ራሷ ታንጎራጉረዋለች፣ ቅላጼውን ሳትነካ። ከስሩ ከበሮውን ብቻ ቀየረች። ትራምፔቱን አውጥታ መሸጋገሪያው ላይ ብቻ፣ እሷ ዝም ስትል፣ አስገባችው። ጠርሙሶቹ መግቢያ ሆኑ። አሁን ይሰማል።

ጠርሙስ ለምትሞክሩ አንድ ነገር ልጨምር። የቃኛችሁትን ጠርሙስ ሳትከድኑ አታሳድሩት። በአዳማ ሙቀት ውሃው ትንሽ ትንሽ ይተናል፤ አየሩ ይረዝማል፣ ድምፁም ይወርዳል። የእኛ «ላ» በነጋታው ከቃኘንበት ወርዶ ስላገኘነው በሲኒ ጠብታ ጠብታ እያደረግን ወደ ቦታው መለስነው።